የጳጉሜ ፊርማዎች

ዶክተር ወልደ ኢየሱስ ከክሊኒካቸው የጓሮ ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ፣ ግንባራቸው ተፈንክቶ ሲገኙ፣ አጠገባቸው ተንበርክኮ የነበረው ሊሊሳ ነው። እጁም ሸሚዙም ደም ነክቶታል። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለችው በዚያች ትንሽ ክሊኒክ ከሟቹ ሌላ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸውና ፖሊሶቹ ካቴና ለማውጣት አልዘገዩም። ኢንስፔክተር ሲፋን ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል በሥራዋ ደጋግማ አይታዋለች።

«ወደ ጓሮ ለምን ወጣህ?»

«የፈተናው ክፍል ሁለት በር አለው፤ ጨርሼ ስወጣ ተሳሳትኩ» አለ ሊሊሳ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። በመርሳትና በማርፈድ ከአራት መሥሪያ ቤት ስለተባረረ፣ የትኩረት ማነስ ችግር ይኖርብኝ ይሆን ብሎ ሊመረመር ነበር የመጣው። «ወድቀው ሳያቸው ቀና ላደርጋቸው ሞከርኩ።»

«በፈተናው መሃል ተነስተሃል?»

«አልመሰለኝም። ግን እኔ እንጃ… ተነሳህ ካሉኝ ተነስቼ ይሆናል።»

ሲፋን ቃሉን ጻፈች። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ እስኪመሰክር ስንት ዘመን ተወቅሶ ነው?

ተነሳ ያለው ፈተናውን የሚሰጠው ከበበ ነው። «ከኋላው ተቀምጬ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በኮምፒውተር ላይ ፊደል እያዩ ቁልፍ መጫን ነው። መሃል ላይ በጓሮው በር ወጣ፤ ሲመለስ ያለከልክ ነበር።»

የእንግዳ ተቀባይዋ የሰዓዲያ ቃል አጭር ነበር። «ስልክ እየደወልኩ ሳለ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ጎረቤት ግንባታ ስላለ ቁብ አልሰጠሁትም። የሊሊሳ እናት ፊት ለፊቴ ነበሩ።»

ወይዘሮ ዳርቱ የልጃቸውን የልጅነት ጠባይ ሊጠየቁ ነበር የተጠሩት። «ሰነፍ ነው እንጂ አልታመመም» ብለው ቅጹን ባዶውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

ሲፋን የሟቹን ጠረጴዛ ከመረመረች በኋላ አራቱንም በእንግዳ ማረፊያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሕፃን ሲመረመር አንዱን ቅጽ ቤተሰብ፣ ሌላውን መምህሩ ይሞላል፤ ችግሩ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየት አለበትና። ለመምህራኑ የሚያደርሰው ማን ነው?»

«ከበበ» አለች ሰዓዲያ።

«ጠረጴዛቸው ላይ ያገኘኋቸው እነዚህ አሥራ አንድ የመምህራን ቅጾች የተፈረሙት በጳጉሜ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የትኛው መምህር ተገኘ? ዶክተሩ ቀኖቹን በቀይ ከበዋቸዋል። ተቀምጠህ የሞላኸው አንተ ነህ፣ ከበበ፤ በዚያም ልጆች መድኃኒት ተጀመረላቸው።»

«ቅጽ መሙላት ነፍስ ማጥፋት ነው?» አለ ከበበ።

«አይደለም። ኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱን ንክኪ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ሊሊሳ ከስምንት ሰዓት ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ስቷል፣ ዘሏል፣ ያለቦታው ተጭኗል፤ እጁ ግን አሥር ሰከንድ እንኳ አላረፈም። ሰዓዲያ ድምፁን ስትሰማ፣ ስልኳ እንደሚያሳየው፣ ስምንት ከአሥራ ሦስት ነበር። ከኋላው ብትኖር ኖሮ አለመነሳቱን ታይ ነበር። ከወንበሩ ጠፍተህ ዶክተሩን ከደረጃው የገፈተርካቸው አንተ ነህ።»

ከበበ ወለሉን አየ። «የሥራ ፈቃዴን ሊያስነጥቁኝ ነበር» አለ። ካቴናው ወደ እሱ ዞረ።

«እንግዲህ… ችግሩ አለብኝ ወይስ የለብኝም?» አለ ሊሊሳ።

«አንድ ፈተና ብቻውን አይወስንም። የሚነግሩህ ሰው ሞተዋል» አለች ሲፋን፤ አዘነችለት።

ወይዘሮ ዳርቱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልተነሳም?»

«አልተነሳም፣ እማማ።»

ቅጹን ከጭናቸው አነሱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቃል።

«ብዕር ስጪኝ ልጄ፤ ሌላ ሐኪም ያነበዋል» አሏት ሲፋንን። ጥቂት ጻፉና እጃቸው ቆመ። «በስድስት ዓመቱ፣ አልቀመጥ ብሎኝ፣ ከወንበር ጋር አስሬዋለሁ። ገመዱን የምጽፈው የቱ ጋ ነው?»