መቶ አሥራ ስምንት ሜትር

«ተይ፣ እዚያ ላይ አትቀመጪ! የመብራት ምሰሶ እኮ ነው!» አለች አክስቷ፣ የአሸዋው ጋራ አናት ላይ ቆማ።

ልጅቷ ብድግ አለች። ጉቶ መስሏት ነበር። አሸዋውን በእጇ ጫር ጫር ስታደርገው ሽቦ የሚታሰርበት ነጭ ሸክላ ብቅ አለ። ምሰሶው እንደቆመ ነው፤ ከጫፉ በቀር ሁሉም ተውጧል።

«እቴቴ፣ ታዲያ ከእግራችን ሥር…»

«እኔና አባትሽ ያደግንበት ሰፈር ነዋ! አሁን የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሳንሆን አንቀርም።»

አክስቷ የከተማው ፕላን ቢሮ ቀያሽ ናት። አሥራ አራት ዓመት የሞላትን የወንድሟን ልጅ «ጉንዳን» ትላታለች፤ ከራሷ የሚበልጥ ዕቃ ካልተሸከምኩ ስለምትል። ዛሬ ረዳቷ ስለታመመ ሜትር እንድትይዝላት ይዛት መጥታለች።

ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ አሸዋው ከእግራቸው ሥር ተንሸራተተ። ያኔ ጋራው አጉረመረመ። ልጅቷ አውሮፕላን መስሏት ቀና አለች፤ ሰማዩ ባዶ ነው። ድምፁ ከታች ነበር። በጫማዋ በኩል ገብቶ ጉልበቷንም ጥርሷንም አንዘረዘረው።

«ም… ምንድን ነው?»

«አሸዋው ነው። ሲንሸራተት እርስ በርሱ እየተፋጨ ይጮኻል» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አሁንም ውርር ያደርገኛል።»

ጋራው ዝም እስኪል ሁለቱም አልተነቃነቁም።

ከግርጌው ጀምረው አሸዋው ገና ወዳልዋጣቸው ቤቶች ለኩ። አሸዋው በዓመት አሥራ ሁለት ሜትር ይራመዳል። በአሥር ዓመት የሚደርስባቸው፣ ማለትም ከመቶ ሃያ ሜትር ወዲህ ያሉት ቤቶች፣ ወደ አዲሱ ሰፈር ይዛወራሉ፤ በቦታቸው ዛፍ ይተከላል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ባሉበት ይቆያሉ።

ልጅቷ ሜትሩን እየጎተተች መጨረሻ ላይ የደረሰችው የራሳቸው ግድግዳ ጋ ነው። ግንበኛው አባቷ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ የደረደረው ግድግዳ። ጠዋት ሲሸኛት፣ «ልጄ፣ አደራ። ሜትሩን ላላ ብታደርጊው ማን ያውቃል? ለመቶ ሃያው የጎደለን እንደሆነ ትንሽ ነው» ብሏት ነበር።

«ስንት አለ?» ጮኸች አክስቷ። ቁጥሩ ከዚያ አይታያትም።

መቶ አሥራ ስምንት ይላል።

ልጅቷ ዞር ብላ ጋራውን አየችው። ከዚህ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። አናቱ ላይ ግን ነፋሱ አሸዋውን እንደ ጭስ እያነሳ ወደ እነሱ ይበትነዋል።

«መቶ አሥራ ስምንት!»

አክስቷ የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለች። «እንድገመው?»

«አይ፣ ትክክል ነው!»

አባቷ ሰምቶ ከግቢው ወጣ። እጁ በሲሚንቶ ተለውሷል።

«ልጄ ነሽ ወይስ የቢሮው ሠራተኛ?»

«ልጅህ ነኝ፣ አባዬ። ለዚህ እኮ ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። ተመልሶ ሊገባ ሲል እጁን ያዘችው።

«መጀመሪያ ከኔ ጋር እዚያ ላይ ውጣ። የድሮ ሰፈራችሁን ከለቀቃችሁ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሄደህ አይተኸዋል?»

እጁን አልነጠቃትም። እየመራችው ሄደች፤ እሱም ተከተላት። የአሸዋው ግርጌ ሲደርሱ አባቷ ቆም ብሎ ሽቅብ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።