በነፋስ ሳጥኑ አፍ የወደቀው ሰው

ቤቲያ ራንኪንን የጠየቃት አልነበረም። ዳኛው ከጄድበርግ የላከው መርማሪ ካርስዌል የብላክሎን መንደር ሰው አንድ በአንድ ጠርቶ ሲያናግር፣ እሷን ግን እንደ ደጃፍ ድንጋይ ተራምዷት አለፈ። ስሟን መጻፍ የማትችል አሮጊት ምን ታውቃለች ብሎ ነው። መንደሩ ሲወልድም ሲሞትም የሚሮጠው ወደ እሷ ነው፤ በመሃል ባለው ጊዜ ግን ሁሉም ከእሷ የተሻለ አዋቂ ነው።

ሬሳውን ያጠበችውም እሷ ናት።

አናጢው ጋቪን ሙርሄድ በገዛ መውቂያ ቤቱ ወለል ላይ፣ ራሱ እንደ እንቁላል ተፈርክሶ ነው የተገኘው። ግራ ዓይኑ ከቦታው ወጥቷል፤ ጥርሶቹ ገለባው ውስጥ ተበትነዋል። አጠገቡ እህል የሚወቃበት፣ ሁለት እንጨት በጠፍር የተያያዘበት ዱላ በደም ተነክሮ ወድቋል። ዱላው የቀን ሠራተኛው የዳንዲ ነው። ዳንዲ የቤቲያ የሟች እህቷ ልጅ ነው፤ በእጇ ጎርሶ ያደገ። በዋዜማው ጋቪንን በሰው ፊት፣ «ይሄ ሳጥንህ ጉሮሮዬን ሊዘጋው ነው፤ እሱ ሳይዘጋኝ እኔ እዘጋሃለሁ» ብሎት ነበር። ካርስዌል ከዚህ ወዲያ ምን ፈልጎ። ልጁን በገመድ ጎትቶ፣ ሰው ጭቃ እየወረወረበት፣ አንጥረኛው ቤት አሰረው። ነገ ጄድበርግ ይወስደዋል፤ ጄድበርግ ደግሞ ስቅላት ነው።

ጉሮሮ ይዘጋል የተባለው ሳጥን ማዝሪያ ነው። መዘውሩን ሲያዞሩት ሆዱ ውስጥ ያሉት ሳንቃዎች ነፋስ ያስነሳሉ፤ ፍሬው ከሥር ይወርዳል፣ እብቁን በአፉ ይተፋዋል። በአገሩ ብቅ ካለ ብዙም አልቆየም፤ ጋቪን ወንፊት ጨምሮበት አሳመረው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኤቤኔዘር ፐርዲ ግን፣ ነፋስ የእግዚአብሔር ነው፣ በእጁ የሚሠራው ሌባ ነው ብሎ «የሰይጣን ነፋስ» የሚል ስም አወጣለት። በመጪው እሁድ ጋቪንን ከማኅበሩ ሊያስወጣው ቀን ቆርጦ ነበር።

ቤቲያ ሬሳውን ስታጥብ ከቁስሉ ውስጥ እብቅ በጣቷ እያወጣች ሳህን ላይ አስቀመጠች። ዓይኑ ላይ፣ አፍንጫው ውስጥ፣ ምላሱ ላይ ሳይቀር ነበር። አየችው፤ በጥፍሯ ፈተገችው፤ ከዚያ ሳህኑን በጨርቅ ሸፍና የሟቹን ሚስት ኤልስፔትን ከምድጃው ዳር አስቀመጠቻት።

«ያን ምሽት ምን ሰማሽ፣ ልጄ?»

«ሳጥኑ ሲንኳኳ። እየሠራ ነው ብዬ ራቱን ጣድኩ።»

«ጩኸትስ?»

«አንድ አጭር ጩኸት ነበር። ሳጥኑ ትንሽ ቆመና መልሶ ቀጠለ። ጣቱን ቀረጠፈው ብዬ ሳቅሁ፣ እማማ።» ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። «ሳቅሁ።»

ቤቲያ አላባበለቻትም። ማባበል ጊዜ ይፈጃል፤ ዳንዲ ደግሞ ጊዜ የለውም።

ቀጥላ የሄደችው የኤልስፔት ወንድም ሂው ቴልፈር ዘንድ ነው። ሂው በሳጥኖቹ ሽያጭ ተጣልቶ የጋቪንን ጎድን የሰበረ፣ ከዚያም ወዲህ ደጁን ያልረገጠ ጠብደል ነው። ጎተራውን ክፈት አለችው። የተወቃው አጃ እንደ ጉንዳን ኩይሳ ተቆልሎ፣ ከነእብቁ ተኝቷል።

«ምነው አላዘራኸውም?»

«በምን ነፋስ? ሳምንቱን ሙሉ ጭሱ እንኳ እንደ ምሰሶ ቆሞ ነው የሰነበተው። ወይ አንቺ ቆመሽ እፍ በይልኝ፤ ምላስሽ ነፋስ አያጣም» አላት።

«ለሱም ቀን አለው» ብላው ወጣች።

ካርስዌል መጀመሪያ ሊሰማት አልፈለገም። ፈረሱን እያስጫነ ነበርና ልጓሙን ያዘች፤ ሟቹ ሬሳ ሳጥን እስኪገባ ጠብቅ፣ ተሳስቼ ከተገኘሁ እኔንም ከልጁ ጋር እሰረኝ አለችው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነው እንጂ። ጠበቀ።

ከሰዓት በኋላ ሟቹ ሬሳ ሳጥን ሲገባ ለማየት መንደሩ ተሰበሰበ። በልማዱ ጎረቤት ለሐዘን ቤት እህል ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ሳምንት ግን ያመጡት ድንችና ጎመን ነው። ሽማግሌ ፐርዲ ብቻ አንድ ከረጢት አጃ በትከሻው ተሸክሞ መጣና ሁሉም እያየው ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ። ካርስዌል ዳንዲን እጁ እንደታሰረ አስገባው።

ቤቲያ ሳህኑን ገለጠች።

«ይህን ከጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያወጣሁት። ከደሙ ሥር አይደለም፣ በላዩ ነው፤ ደሙ ሳይደርቅ የተጣበቀ። ጋቪን ሲወድቅ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። ገዳዩም ሳጥኑን መልሶ አዞረው፤ እብቁን በሚሞት ሰው ፊት ላይ አዘራ። ሚስቱ ሰምታዋለች።»

«ዳንዲ ማዞር አያቅተውም» አለ ካርስዌል።

«ማዞሩንማ ማንም ያዞረዋል። ግን ይሄ እብቅ የአጃ ነው፣ ና እየው። ጋቪን ዘንድሮ የዘራው ገብስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የራሱን አጃ ይዞለት መጥቷል። ዳንዲ መቃብር የሚሆነው መሬት እንኳ የለውም፤ አጃ ከየት ያመጣል?»

«ሂውስ?»

«የሂው አጃ ከነእብቁ ተቆልሏል፤ ሂድና እይ። የሁሉም እንዲሁ ነው። የአምናው ደግሞ በዝናብ በስብሶ ሁላችንም ሸምተን ነው የከረምነው።» ወደ ፐርዲ ዞረች። «ሽማግሌ፣ ያመጡት አጃ የዘንድሮ ነው?»

«የዘንድሮ ነው። በኩራቱን ለመበለቲቱ ሰጠሁ።»

ከከረጢቱ አንድ እፍኝ አውጥታ በሳህኑ ላይ አንጠረጠረችው። አንዲት እብቅ የለችበትም።

«በምን ነፋስ አዘሩት?»

ፐርዲ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። «እግዚአብሔር ለኔ ላከልኝ።»

«ባለፈው እሁድ ነፋስ ስጠን ብለው በሁላችንም ፊት ጸለዩ። የሰይጣኑን ሳጥን ከመንካት እህላችሁ ይበስብስ አሉን። ታዲያ ለርስዎ ደጅ ብቻ ነፈሰ? ጋቪን በመጪው እሁድ ከማኅበሩ ሲያስወጡት ማን አመሻሽ ላይ ተደብቆ እየመጣ አጃውን በሳጥኑ እንደሚያዘራ ሊናገር ነበር። ዱላውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዳንዲ ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚተወው። መቱት። ግን አጃዎ ገና ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ትተውት ቢሄዱ ይመሰክርብዎታል፤ ደግሞም እህል ትተው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ጨረሱት።»

«የአሮጊት ተረት ነው» አለ ፐርዲ ወደ ካርስዌል። ጫማው ግን ከረጢቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ታየ።

ቤቲያ ከረጢቱን በቂጡ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ንጹሑ አጃ ፈሰሰ፤ በመጨረሻ ከሥር አንድ ጥቁር ጓል ወደቀ። በደረቀ ደም የተጣበቀ አጃ ነው፤ የጋቪንም ጠጉር ነበረበት።

«በደም እጅህ ነው የዛቅኸው» አለችው፤ አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «መብላቱን ፈራህ፤ መጣሉ አንጀትህን አሳረረው። ስለዚህ ለሚስቱ አመጣህላት።»

ፐርዲ ዘሎ ጉሮሮዋን አነቃት። አውራ ጣቶቹ ሥጋዋ ውስጥ ገቡ፤ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አላተመው። የሬሳ ሳጥኑ ክዳን በጩኸት ወለሉ ላይ ወደቀ። ሂው በምድጃው ብረት ክንዱን ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሽማግሌው ከጠረጴዛው በፈሰሰው አጃ ላይ ተንበረከከ፤ ክንዱን ታቅፎ፣ ጋቪን በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር፣ በሰው ፊት፣ እያለ ደጋገመ። ኤልስፔት አጠገቡ ቆማ ቁልቁል አየችው።

ካርስዌል ፐርዲን አስሮ ሲያበቃ ብዕሩን አወጣ። ቃሉን ልጻፍና ከዚያ ዳንዲን እለቀዋለሁ፣ ሥርዓት ነው አለ።

ቤቲያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ድምጿ ሻክሯል፣ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት ቀልቷል።

«አትጽፍም። ይህን ልጅ በገመድ ጎትተህ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በመንደሩ መሃል አሳልፈኸዋል። ስለዚህ አሁን በገዛ እጅህ ትፈታዋለህ። ባርኔጣህን ታወልቃለህ፤ ከጎኑ እየሄድክ፣ ጭቃ በተወረወረበት ደጅ ሁሉ እየቆምክ፣ ‹የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› እያልክ ቤቱ ድረስ ታደርሰዋለህ። እኔ ከኋላህ ነኝ፤ አንዲት ደጅ ብትዘል አስመልስሃለሁ። በል ተነስ።»