የኢንስፒራዳው አድራሻ

ራጉኤል «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ የሀሌታ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። የወጣቶች ጸሎት መሪው ገረመው፤ ሀሌታ ከሦስት ሳምንት ወዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በሌላኛው እጇ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ያለውን ፖስታ ጨምድዳ ይዛለች። ፊት ለፊቷ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የልብ ጓደኛዋ የነበረችው ፊያሜታ ተቀምጣለች።

ፊያሜታ የምትኖረው ዊትኒ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ የምትማረው ግን ከሀሌታ ጋር፣ እነሀሌታ ሰፈር ኢንስፒራዳ አጠገብ ነው። በከተማው ኢንስፒራዳን የማይመኝ ሐበሻ የለም። መናፈሻውና አዳዲሶቹ ቤቶች እንኳ ቢቀሩ፣ ለትምህርት ቤቱ ሲል ብቻ ሰው አድራሻ ይዋዋሳል። የሀሌታ እናት ብርቅታይትም ከሁለት ዓመት በፊት «ለልጅ ትምህርት እኮ ነው» ብላ የቤቷን አድራሻ ለፊያሜታ አዋሰች።

ፊያሜታ ውለታውን እንዴት መለሰች? ሀሌታ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ የነገረቻትን፣ አባቷ ከቤት ወጥቶ ለብቻው መኖር መጀመሩን፣ ሀሌታ በቀረችበት ቀን የጸሎት ርዕስ አደረገችው። ያውም ዓይኗን ጨፍና፣ ድምጿን አለስልሳ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ካንሾካሾከ በኋላ ነው እናትና ልጅ የሰሙት። አንዲት ሴትዮ ብርቅታይትን በር ላይ አቅፋ፣ አይዞሽ፣ ባልሽ ይመለሳል አለቻት። ወሬው ከማን እንደወጣ ለእናቷ ባትነግርም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀሌታ ፊያሜታን አምርራ ጠላቻት። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል ታውቃለች፤ ቂሙ ግን አልለቅ አላት።

ትናንት የፖስታ ሳጥኑን ስትከፍት ደብዳቤ አገኘች። ትምህርት ቤቱ አድራሻ እያጣራ ነው። ፊያሜታ እዚያ እንደምትኖር የቤቱ ባለቤት እስከ ሰኞ ካልፈረመ፣ ልጅቷ ወደ ሰፈሯ ትምህርት ቤት ትዛወራለች። ሀሌታ ለእናቷ አላሳየችም። እሷም በተራዋ ዓይኗን ጨፍና፣ በሰው አድራሻ ለምትማረው ለፊያሜታ እንጸልይላት ልትል ቆርጣ መጣች።

«እሺ ሀሌታ፣ ቀጥዪ» አለ ራጉኤል።

ሁሉም ዞሩ። ሀሌታ ተነስታ ፖስታውን ከኪሷ አወጣችው። ፊያሜታ የትምህርት ቤቱን ማኅተም ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ሀሌታ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። «ለእህታችን» ብላ ስትጀምር ግን ድምጿ ልክ እንደ ፊያሜታ ልስልስ ሲል ሰማችው። ራሷን ጠላች። «ትቼዋለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ስብሰባው ሲያልቅ ፊያሜታ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባት።

«ሀሌት፣ ፕሊስ። እትዬ ብርቅታይት ሳይን ያድርጉልኝ። ሰኞ ዴድላይኑ ነው።»

ሀሌታ ፖስታውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ራስሽ ጠይቂያት።»

«ምን ብዬ?»

«መጀመሪያ እዚህ ስለ ቤታችን ያወራሽውን ንገሪያት። አንድም ቃል ሳትቀንሺ። ከዚያ ፈርሚልኝ በያት።»

«ሲሪየስሊ? እኔ መሆኔን እኮ አያውቁም።»

«አዎ፣ አታውቅም። ከአንቺ ትስማው።»

ፊያሜታ ቢቆጡስ፣ ባይፈርሙስ እያለች ለመነቻት። ሀሌታ ወደ መውጫው አመራች። በመስታወቱ በር ፓርኪንጉ ይታያል። ብርቅታይት ከሐሜቱ ወዲህ ወደ ውስጥ አትገባም፤ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ መኪና ውስጥ ሆና ነው የምትጠብቃት። አሁንም ከሺፍት እንደወጣች፣ የአየር ማረፊያ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መሪው ላይ ተደግፋለች።

ሀሌታ በሩን ከፈተችላት። ፊያሜታ ወጣች፤ ሀሌታ ከውስጥ ቀረች። ፊያሜታ በዚያ ሙቀት እግሯን እየጎተተች መኪናው ጋ ደረሰች። መስኮቱ ዝቅ አለ። ብርቅታይት የልጇን ጓደኛ ስታይ ፊቷ በራ፤ ጉንጯን ልትስማት አንገቷን አወጣች።

እናቷ አሁን የምትሰማውን አስባ ሀሌታ ፈራች። ፊቷን ግን አላዞረችም።