ወርዶፋ ለስድስተኛ ጊዜ ሲመጣ

የድሬዳዋ ሰማይ የሚታጠበው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ከተማዋ ከሐሩሩ ለመጠለል የመስታወት ጣሪያ ከለበሰች ወዲህ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር መስታወቱን የሚያጥቡ ማሽኖች እላይ ይርመሰመሱና ቀኑ ይጨልማል፤ ሰውም ፊልም ቤት ይገባል። ይገባ ነበር ማለት ይሻላል።

የፊልም ቤቷ ባለቤት ዘምዘም በዚያ ሐሙስ ባዶ ወንበሮቿን እያየች ተቀምጣለች። ማዘጋጃ ቤቱ ቁርጡን ነግሯታል፤ ስድስተኛው የወርዶፋ ፊልም እንደ አራተኛውና እንደ አምስተኛው ሰው ካጣ፣ አዳራሹ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ለእሷ ደግሞ አዳራሽ ብቻ አይደለም። አላህ ይማረውና ባሏን ጀማልን ያገኘችው እዚያ ነው፤ ሦስተኛው ፊልም ሲያልቅ፣ ሁለቱም እያለቀሱ፣ አንድ መሀረብ እየተቀባበሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊልሞች የሠራቸው ሰው ነበር። በሁለቱ ባቡር ነጂው ወርዶፋ የጠፋች እህቱን በየጣቢያው ሲፈልግ ይከርማል። በሦስተኛው ያገኛታል፣ ይድራታል፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ባቡሩ ይሄዳል። አለቀ። አዳራሹ በሙሉ "አትሂድ፣ አንተ ሰውዬ የት ነው የምትሄደው" እያለ ይጮሃል። ፊልሙ በታየ ቁጥር ሰው ጮኸ፤ እሱም በታየ ቁጥር ሄደ።

ኋላ ጥላ ሸማኔ የሚሉት መሣሪያ መጣ። ተመልካቹ ግንባሩ ላይ ስስ ጥብጣብ ያስራል፤ መሣሪያው የልቡን ምኞት እያደመጠ ፊልሙን ራሱ ይሸምናል። ወርዶፋን መለሰው። በአራተኛው ቤት ሠራለት፣ በአምስተኛው ዳረው፣ ልጆችም ሰጠው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተጋፍቶ ገባ። ሲወጣ ግን ሳይከራከር፣ ሳይሳደብ፣ እንዲሁ ዝም ብሎ ወጣ፤ እያደርም ቀረ። ዘምዘምን ከስድብ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራት።

አሁን ደግሞ ስድስተኛው ጨርሶ ቆመ። ሸራው ላይ ወርዶፋ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ አይናገርም፣ አይነሣም።

"ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው" አለ ቴክኒሺያኑ ሚልክያስ። "መሣሪያው ደህና ነው። እስቲ ራስሽ ጠይቂው።"

ዘምዘም ወደ ጥላ ሸማኔው ዞረች። "አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"አትሂድ አላችሁት፤ አልሄደም" አለ መሣሪያው። "የለመናችሁትን ሁሉ ሰጥቻችኋለሁ። ከዚህ ወዲያ የሚሆን ነገር አጣሁ።"

ዘምዘም ሸራው ላይ ያለውን ወርዶፋን አየችው። ወፍሯል። መቼ እንደሚወጣ የጠፋው እንግዳ መስሏል። ሳይታሰብ ሳቋ መጣ።

"ቤትሽ ሊወሰድ ነው፣ አንቺ ትስቂያለሽ" አላት ሚልክያስ።

"እስቲ ንገረኝ፣ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ሊሄድ ሲነሣ ምን ትለዋለህ?"

"እደር እለዋለኋ።"

"ቢያድርስ?"

"እንዴት ያድራል? አጎቴ እደር ያለው ሰውዬ አንዴ እውነት መስሎት ከርሞ፣ እስከ ዛሬ ይታማል።"

"በቃ ይኸው ነው።" ወደ መሣሪያው ተመለሰች። "ስማኝ። እኛ እደር የምንለው መሄዱ እንደከበደን እንዲያውቅልን ነው። የሚናፈቀው እየለመኑት የሄደ ነው። አንተ ቃላችንን ይዘህ ሰውዬውን ሶፋ ላይ አሰርከው። ልቀቀው።"

"ታዲያ ጩኸታችሁ ውሸት ነበር?"

"አልነበረም። እውነት ስለሆነማ ነው የሚያስለቅሰው።"

መሣሪያው መሸመን ጀመረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስድስተኛው ሲታይ ሰው መጣ፤ ግማሹ ለልማድ ያህል፣ ግማሹ ሊያላግጥ። "ዛሬ ደግሞ ጉንጩ ምን ያህል ጨምሮ ይሆን" አለች አንዷ፣ ገና ሳይጀመር። ወርዶፋ ሶፋው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሣ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳመ፣ በሩን ከፈተ፣ ወጣ። ባቡሩ ከሩቅ ተሰማ።

አዳራሹ ብድግ አለ። አትሂድ ተባለ፣ ምን አጎደልንብህ ተባለ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ቆመው "ልጅ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው፣ አንተ ባለጌ" አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰዉ እየተሟገተ፣ ግማሹ እያለቀሰ ወጣ፤ ደጅ ላይ ላሉት እየተረከ ለዘምዘም ሌላ ሰው ጠራላት። ማዘጋጃ ቤቱም ሰልፉን አይቶ የውኃውን ነገር ተወው።

ሁሉም ሲሄድ ዘምዘም ጥብጣቧን ከግንባሯ ፈታች። ጥላ ሸማኔው ተናገረ።

"ዛሬ ከሁሉም አብልጦ አትሂድ ሲል የነበረው ያንቺ ልብ ነው። ወርዶፋን ልመልሰው?"

ባዶውን ሸራ ብዙ አየችው።

"አይ" አለች። "ነገም እለምንሃለሁ፤ ከነገ ወዲያም። እንዳትሰማኝ።"