የወለላ ጠርሙስ

ወለላ የፍየል ግልገል ናት። እናቷ ስለሞተች ነስራ በጠርሙስ ወተት ታጠባታለች።

ሲርባት «ሜእ! ሜእ!» ትላለች። ነስራም «መጣሁ፣ መጣሁ!» ትላለች።

«ምጥጥ! ምጥጥ!» ወለላ ስትጠባ ጅራቷ ይወዛወዛል።

ረመዳን ሊገባ ነው። ሐረር ውስጥ ያኔ ቤቱ ሁሉ ይቀባል።

«ቀብ! ቀብ!» የነስራ አባት ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀቡት። ቤቱ ቦግ አለ።

ጥቂት ቀለም ተረፈ። አባቷ ለመጣል ሳሱና ባዶ የወተት ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩት፤ ደጃፍ ላይም አስቀመጡት። ምነው ባላደረጉት!

«ሜእ! ሜእ!» አለች ወለላ።

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለች ነስራ። ደጃፉ ላይ ያለውን ጠርሙስ አነሳችና ጡጦ ገጠመችለት።

«ምጥጥ! ምጥጥ!» ወለላ በጣም ርቧት ነበር።

ከዚያ አሳላት። ከአፏ ነጭ ቀለም ተንጠባጠበ።

ነስራ አባቷን ጠራች። አባቷ ጠርሙሱን አሽትተው ፊታቸው ጠቆረ።

ግልገሏን አቅፈው ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጡ። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጠቻት፤ ግን የጠጣችው ብዙ ነበር።

ሲመሽ ወለላ ዝም አለች። ነስራ ጆሮዋን የግልገሏ ደረት ላይ አደረገች፤ ምንም አይሰማም። ወለላ ሞታለች።

«አባ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ነስራ።

አባቷ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። አንቺ ወተት መስሎሽ ነው። ቀለሙን የወተት ጠርሙስ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባቷ አለቀሱ። ነስራ ሲያለቅሱ አይታቸው አታውቅም።

በማግሥቱ ወለላን ከቤቱ ጀርባ ቀበሯት።

ጠርሙሱ ውስጥ ገና ቀለም አለ። ነስራ ተናዳ ቦይ ውስጥ ልትደፋው ሄደች።

አባቷ እጇን ያዟት። የቦዩን ውሃ ሌሎች ፍየሎችም ይጠጡታል አሏት።

ከአናጺው ዘንድ ሰጋቱራ አመጡ። ቀለሙን አሮጌ ጣሳ ውስጥ ገልብጠው የእንጨቱን ብናኝ ጨመሩበት፤ ነስራ በእንጨት አማሰለችው።

አንድ ቀን ቆዩ። አልደረቀም።

ሁለት ቀን ቆዩ። አልደረቀም።

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ሆነ። አባቷ ምን እንደሆነ ነግረው ለቆሻሻ ሰብሳቢዋ ሰጧት።

ማታ ነስራ አልጋዋ ላይ ሆና እንቅልፍ እምቢ አላት።

«አባ፣ አሁን ማንም አይጠጣውም?»

«ማንም አይጠጣውም» አሉ አባቷ። ከጎኗ ጋደም ብለው እጇን ያዟት።

ነስራ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።