አንድ እግር ነጠላ ጫማ

በ፲፱፻፳፯ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር አጋማሽ፣ የሸበሌ ወንዝ ቀልቶ ወረደ። በሱማሌ ቆላ፣ ከመርካ ወደብ ወደ ውስጥ ባለው አገር፣ ገና የዝናብ ጠብታ አልታየም፤ ውሃው ግን ክንድ ተኩል ጨምሮ፣ የበሰበሰ ግንድና የሞተ ፍየል እያንከባለለ ይጓዝ ነበር። የወንዙ ዳር ሰዎች እንዲህ ሲሆን «ሐበሻ አገር ዘንቧል» ብለው ያልፉታል እንጂ አይደነቁም። በዚያ ዓመት ግን የሐበሻ ስም በሌላ ምክንያት በየሰዉ አፍ ነበር፤ ጣሊያን ከሞቃዲሾ ወደ ሰሜን መንገድ እያስጠረገ፣ ካሚዮን እየደረደረ፣ ውሃው ወደ መጣበት አገር ጦር ለመስደድ ይሰናዳ ነበርና።

ባቱሎ ሙክታር በዓርብ ጠዋት የበቆሎ ገንፎና የሰሊጥ ዘይት በቅርጫት ይዛ ከቡሎ ሙኬ መንደር ወደ መሻገሪያው ወረደች። ወንድሟ ማዮው ማዶ ባለው የጣሊያን የሙዝ እርሻ በግዴታ ሥራ ከተያዘ አሥራ አራት ወሩ ነው፤ ቤተሰብ የሚጠይቅበት ቀን ዓርብ ብቻ ነበር። የእርሻው ካሚዮኖች ከነገ ወዲያ እንደሚነሡ በገበያ ሰምታለች። ማንን ጭነው እንደሚነሡ ግን አልሰማችም።

«ቦታ ልቀቁ! የባሃሩ ልጅ መጣች!» አለ ባለጀልባው ኢሳቆ።

«እኔ አጠገብ ትቀመጥ» አለች አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ፣ ዘንቢሏን ወደ ጉያዋ እየሳበች። «አንተን እንደሆነ አዞም አይነካህም፤ ምን ሥጋ አለህና!»

«አንቺን ከበላ ግን እስከ ረመዳን አይርበውም!»

ጀልባው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ሁሉም ወደ ባቱሎ ተጠጋ። አባቷ አው ሙክታር ባሃር ነበሩ፤ የአዞን አፍ በቃል የሚያስሩ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ሰባተኛው። ውሃው በሞላ ቁጥር በመንደሩ ፊት እስከ ደረታቸው ገብተው ቃሉን ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ቋጠሮው የሚፈታበት ምክንያት አንድ ብቻ እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ከዚያ ቤት የተወለደ ሰው በውሃው ላይ በሐሰት ከማለ ይፈታል። የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ሊስቅ ይችላል፤ በዚያ ጀልባ ላይ ግን በዚህ የሚስቅ አልነበረም፤ አዞዎቹ እውነተኞች ነበሩና።

እርሻው በወንዙ ዳር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቅጥር ነው። ከኖራው ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ ጌታው የሙዙን ረድፍ ሁሉ ያያል፤ ከረድፉ መካከል ሆኖ በረንዳውን የማያይ ሠራተኛም የለም። በሩ ላይ አስካሪው፣ ለጣሊያን የተቀጠረው የአገሬው ወታደር ዋርፋ፣ ገንፎውን በበትሩ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው።

«ቢላዋ አለው?»

«ዘይት አለው።»

«ምላስሽ ነው ቢላዋው። ግቢ! በእኩለ ቀን ደወል ትወጫለሽ።»

ማዮውን ያገኘችው ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ ከሎሚ ዛፍ ሥር ነው። የወንዙ ውሃ ወደ እርሻው በሚገባበት በዚህ ስፍራ አረምና ግንድ እየተከማቸ መግቢያውን ይዘጋዋል፤ ማንም ሊገባበት የማይደፍረውን ይህን ሥራ የባሃር ልጅ በመሆኑ ለእርሱ ሰጥተውት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ገብቷል። ገንፎውን አልነካውም።

«እሑድ ይወስዱናል» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ፣ ወደ ሐበሻ ወሰን። መንገድ ጠረጋ ነው ይላሉ። ባለፈው ወር ከሄዱት የመጣ ወሬ አንድ ብቻ ነው። ውሃ የለም።»

ባቱሎ አስካሪውን አየችው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። «ጥፋ» አለች በሹክሹክታ።

«ብጠፋ ናሲብን ይወስዱታል።»

ናሲብ ባሏ ነው። የእርሻው ሕግ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ከየመንደሩ በቁጥር ሰው ይወሰዳል፤ የጠፋ ሰው ከቤቱ የቅርብ በሆነ ወንድ ይተካል፤ የሞተ ግን አይተካም። አው ሙክታር ሽማግሌ ናቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ወንድ ናሲብ ነው።

«ስለዚህ ልሞት ነው» አለ ማዮው፤ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አቃተው። «ስሚኝ። አሁን አረሙን ላወጣ እገባለሁ፤ ከዚያ አልወጣም። ከታች ሸምበቆ ውስጥ እስኪመሽ እቆያለሁ። ሁሉም አዞ በላው ይላል።»

«አብደሃል? የባሃርን ልጅ አዞ በላው ከተባለ አባታችን እንዴት ይኖራሉ?»

«አፍረው ይኖራሉ። ዋናው መኖራቸው ነው።»

«ቃሉንስ አስተምረውሃል?»

«ግማሹን።»

«ግማሹን?»

«የቀረውን ስታገባ እነግርሃለሁ ብለውኛል።» ወደ ውሃው ተመለከተ። «አሥራ አራት ወር ሙሉ በግማሽ ቃል ነው የምገባው፣ እህቴ። በየቀኑ ግማሹን ሦስት ጊዜ እደጋግመዋለሁ፤ አስካሪዎቹ ዘፈን ነው ይላሉ።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች ባቱሎ።

«ጩኺ። ሌላ ምንም።» ነጠላ ጫማውን ከእግሩ ፈትቶ የግራውን በሽርጡ ሥር ከወገቡ ጋር አሰረው፤ የቀኙን ዳር ላይ ተወው። «አገር ስደርስ ግራዋን እልክልሻለሁ። አንድ እግር ጫማ ማንም አይሰርቅም።»

ይህን ብሎ ተነሣ፤ ቢስሚላህ ብሎም ገባ። ውሃው ወገቡ ላይ ሲደርስ አረሙን በሁለት እጁ መዘዘና ወደ ዳር ወረወረ፤ ሁለተኛውን ወረወረ፤ ሦስተኛውን ሲስብ ጎንበስ አለ። ባቱሎ ጩኸቷን በጉሮሮዋ አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከማዶ ዳር፣ ግንድ ነው ብላ ስታየው የቆየችው ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ረጅም ጅራቱን ጎትቶ ያለ ድምፅ ወደ ቀዩ ውሃ ገባ። ማዮው የጎነበሰበት ስፍራ ባዶ ነበር።

ያዘጋጀችው ጩኸት አልወጣም፤ የወጣው ሌላ ነው። በሙዙ መካከል ያሉ ሠራተኞች ሁሉ ቆመው ቀሩ።

ዋርፋ ሮጦ መጥቶ ወደ ውሃው ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ምን ላይ እንደሚተኩስ እርሱም አያውቅም። ጌታው ምሳውን አቋርጦ ከበረንዳው ጫፍ ቆመና አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚውም «ሌላ አረም አውጪ ይፈለግ ይላል» ብሎ ጮኸ። ሞትን በሚመለከት ከዚያ በረንዳ የተነገረው ይኸው ነው።

ነገሩን በቀላሉ ያልተቀበለው ካቦ አብዲዮ ነው። ካቦ አብዲዮ ከጣሊያን ደመወዝ እየበላ በወንዙ ዳር መንደሮች ላይ የተሾመ፣ የተጓደለውን ቁጥር የሚሞላ ሰው ነበር፤ የዚያው አገር ተወላጅ በመሆኑ ጣሊያኖቹ የማያውቁትን ያውቃል። በጥድፊያ መጥቶ ዳሩን አየ፤ ጫማውን አነሣ፤ ባቱሎን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከታት።

«አሥራ አራት ወር ያልበላው አዞ ዛሬ ራበው? ካሚዮን ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው?»

«አይቼዋለሁ» አለች።

«አባትሽ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የመንደሩን እህል የበሉት በከንቱ ነዋ!»

ባቱሎ ዓይኗን በእጁ ካለው ጫማ ላይ ተከለች።

«እንግዲያው ማይልኝ። እዚህ ደረቅ ላይ አይደለም። ውሃው ውስጥ ቁሚና በቤታችሁ ስም ማይ። እምቢ ካልሽ አሁኑኑ አስካሪዎቹን በሁለቱም ዳር አሰማራለሁ፤ ባልሽም ማታ እዚህ ያድራል።»

ባቱሎ ሸምበቆው ወዳለበት ላለማየት አንገቷን አደነደነች። ባትምል ዳሩ ይታሰሳል፤ ማዮው ይያዛል፤ ካልተያዘም ናሲብ ይሄዳል። ብትምልስ? ያየችው አዞው ሲገባና ወንድሟ ሳይወጣ ነው። መሐላው እውነት ከሆነ ወንድሟ ሞቷል። ሐሰት ከሆነ ደግሞ እርሱ እስከ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ተደብቆ ሳለ፣ ሰባት አባቶች ያሰሩትን አፍ ሁሉ በዚህች ቅጽበት የምትፈታው እርሷ ናት።

ገባች። ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ያዘው፤ ውሃው ለብ ያለ ነበር። ጉልበቷ ድረስ ስትደርስ አንድ ነገር ባቷን ነካት፤ የተነቀለ አረም ነው፤ ይህን ያወቀችው ግን ቆይታ ነው።

«በዚህ ውሃ» አለች፣ «በአባቴ ቤት ስም፣ አዞ ሲወስደው አይቻለሁ።»

ካቦ አብዲዮ ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ያለ መሐላ የባሃር ልጅ በሐሰት ትምላለች ብሎ ሊያስብ አልቻለም፤ እርሱም ከዚያው ውሃ ጠጥቶ ያደገ ነውና። «አላህ ይማረው» አለና ጫማውን ሰጣት። «ውጪ፣ ውጪ፤ እዚያ አትቁሚ።»

ወሬው ከእርሷ ቀድሞ መሻገሪያው ደርሷል። ጀልባው ውስጥ ስትገባ ማንም አልቀለደም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ሌላው ጫፍ ተጨናንቆ ጀልባው ዘመመ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ከሩቅ «አላህ ያጽናሽ» አለች፤ ዘንቢሏን ግን በመካከላቸው አኖረችው። ኢሳቆ ገመዱን እየሳበ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያል። ባቱሎ ጫማውን በደረቷ ይዛ ውሃው ላይ አፈጠጠች። አንድም ግንድ ግንድ አልመስላት አለ።

አው ሙክታር ደጃፋቸው ላይ በጎረቤት ተከበው ተቀምጠዋል፤ ካቦ አብዲዮም ለቅሶ ሊደርስ፣ ለቅሶውንም ሊመለከት፣ በፈረስ በላይኛው መሻገሪያ ዞሮ ቀድሟት ደርሷል። ባቱሎ የቀኙን ጫማ በአባቷ ጉልበት ላይ አኖረችና ፊታቸው ተንበረከከች።

ሽማግሌው ጫማውን አገላበጡት። ጠፍሩ በጥንቃቄ ተፈትቷል፤ ሶሉ ላይ ደረቅ አፈር አለ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጭቃ ሲገቡ ኖረዋልና፣ ካቦው በእጁ ይዞ ያላየውን እሳቸው አንድ ጊዜ ዳስሰው አዩት፤ ውሃ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ያወልቃል፤ ወይም ሁለቱንም አያወልቅም። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። እርሷ ዓይኗን ሰበረች።

ከዚያም ሳይቸኩሉ ተነሡ፤ ከምሰሶው ላይ የአባቶቻቸውን ቀንድ፣ ቃሉን ከማለታቸው በፊት የሚነፉትን፣ አወረዱ፤ በሕዝቡና በካቦው ፊት በድንጋይ ላይ ሰበሩት።

«ቃላችን አልቋል» አሉ። «ልጄን ያልጠበቀ ቃል እናንተን አይጠብቅም። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ባሃር ፈልጉ።»

ካቦ አብዲዮ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ፤ ዳሩን የሚያስስ ሰውም አልላከም። ሕዝቡ ሲበተን ባቱሎ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ እኔ በውሃው ላይ…»

«ዝም በይ» አሉ። «ግራዋን ጠብቂ።»

ጫማዋ እንደምትመጣ ማንም አልነገራቸውም፤ ሁለተኛዋ በልጃቸው እጅ ካለች እንደሚልካት ግን ያውቁታል።

እሑድ ካሚዮኖቹ አርባ ሰው ጭነው ሄዱ። ባቱሎ ቀን በሥራ፣ ሲመሽ ጆሮዋን ወደ ወንዙ አድርጋ ሰባት ወር ጠበቀች፤ ውሃ ከጉድጓድ ትቀዳ ነበር፤ በመንገድ በሚያልፍ ሰው ሁሉ ጫማ ላይ ዓይኗን ትጥላለች። በሰባተኛው ወር፣ ጦርነቱ በኦጋዴን ከተጀመረ በኋላ፣ አንድ ጨው ነጋዴ በይ ከሚባለው ደረቅ አገር መጣ፤ ከጆንያው ሥር አንድ እግር ነጠላ ጫማ አውጥቶ «የሰጠኝ ሰው የማን እንደሆነች ያውቃሉ ብሏል» አለ።

አው ሙክታር ግራዋን ተቀብለው ከቀኟ ጋር አስተያዩአት። በመዳፋቸው ለኳት፤ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት፤ እንደ እንጨት ጮኸች።

«ደርቃለች» አሉ፤ ልጃቸው ከውሃው ወጥቷል ማለታቸው ነበር።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ የእርሻው ወረቀት ተበታተነ፤ ከእነዚያ አርባ ሰዎች ሦስቱ ተመለሱ። ማዮው በበይ የማሽላ አገር፣ ወንዝ በሌለበት፣ በሌላ ስም ኖረ፤ ከልጆቹ አንድም ዋና የሚያውቅ አልነበረም። በእርሻው መዝገብ ላይ ግን «በአዞ ተበላ» ተብሎ ተጽፏል። የወንዙ ዳር ሰዎች ደግሞ የገዛ ሙያው የከዳውን ሰው «እንደ ሙክታር ልጅ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሽማግሌዎቹም ያ ቤት ኃይሉን ያጣው አንድ ሰው በውሃው ላይ በሐሰት ስለማለ ነው ይላሉ። መዝገቡ ተሳስቷል፤ ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም። ምን ተብሎ እንደተማለ ግን የጠየቀ የለም፤ ባቱሎም እስከ ዕለተ ሞቷ ውሃውን አልረገጠችም።