የዶን ኤልፒዲዮ ነጭ ቀለም

ወይ ጉድ! ሰው በገዛ እጁ የልጁን ልፋት ያጠፋል? እኛ የሰፈሩ ሰዎች ያን ጊዜ እንዲህ ብለን አምተናቸዋል፤ ዛሬ አፍረን አንገታችንን ደፍተናል። ዶን ኤልፒዲዮ በሜክሲኮ ሲቲ መንገዶች አርባ ዓመት ሙሉ ታኮ የሚሉት ጥቅል ቂጣ መሸጫዎች ላይ ፊደል ሲሥሉ የኖሩ ባለሙያ ነበሩ። የቀለም ሽታው ሳንባቸውን ጨርሶት ደረጃ መውጣት እንኳ ተስኗቸው ነበር። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የነበረቻቸው አንዲት ልጃቸው ሚሬያ ብቻ ናት።

ሚሬያ ገና ስሟ ያልተጠራ ሠዓሊ ናት። የመጀመሪያ ትርዒቷን ግን "አዳራሽ ውስጥ ከማሳይ ሞቼ ልገኝ! መንገድ ላይ ነው!" አለች። በመንገዳችን ያሉትን ከብረት የተሠሩ አሥራ ሁለት የታኮ መሸጫዎች ከባለቤቶቻቸው ለምና፣ ከአባቷ ፊደላት ጎን የከተማዋን ሰው ሣለችባቸው፦ ምግብ የሚያደርሰውን ባለሞተር፣ ባቡር ውስጥ ቆሞ የሚያንቀላፋውን ዘበኛ፣ ስልክ እያወራች የምታለቅሰውን ልጅ። ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው ወረዳው "መሸጫ ሁሉ ነጭ ይቀባ!" ብሎ አዘዘ። ቀቢ ሲፈለግ ማን እጁን ያወጣ መሰላችሁ? ዶን ኤልፒዲዮ!

"አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ የምትቀባው?"

"ሌላ ሰው ከሚነካው እኔ ልንካው፣ ልጄ።"

"አሽከራቸው ሆንክ በለኛ! ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም!"

ዶን ኤልፒዲዮ እያሳሉ፣ ባልዲያቸውን እየጎተቱ፣ አሥራ ሁለቱንም በሁለት ቀን ነጭ አደረጉ። ሚሬያ ልብሷን ይዛ ጓደኛዋ ቤት ገባች። አባትየው አልጋ ያዙ፤ ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥባቸው ጎረቤት ጎትቶ አመጣት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች።

"ዝናቡ... ጀመረ?" አሉ።

"ዝናብ ምን ያደርግልሃል!"

ፈገግ አሉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ።

ቀብሩ ላይ እንኳ እንባዋን ዋጠችው። በሳምንቱ ሰማዩ ተቀደደ፤ ያ ነጭ ቀለም ከብረቱ እየተላጠ ይወርድ ጀመር! ታማሌ የሚባል የበቆሎ ዳቦ ሻጯ ዶኛ ቻዮ መንገድ መሃል ወጥተው ጮኹ። ባለሞተሩ ብቅ አለ፣ ዘበኛው ብቅ አለ፣ የአዛውንቱ ፊደላት ታጥበው ቦግ አሉ። ዘይት ቀለም ሳይፋቅ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ቢቀቡበት እንደማይይዝ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ይጠፋዋል? ሌላ ቀቢ ቢሆን ብረቱን ፍቆ ሥዕሏን ለዘላለም ባጠፋው ነበር። ለሷ ቢነግሯት ደግሞ፣ የሆዷ ሁሉ ፊቷ ላይ የሚነበብ ልጅ ናት፤ ወረዳው ያውቅባቸው ነበር።

ሚሬያ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። "አባዬ! ጀምሯል እኮ... ዝናቡ ጀምሯል!" ማን ይስማት?

በሦስተኛው ቀን ወረዳው መፋቂያ የያዙ ቀቢዎች ላከ። ሚሬያ እንባዋን ሳትጠርግ ፊታቸው ቆመች። ከኋላዋ ዶኛ ቻዮ ከነጭልፋቸው፣ ከዚያም እኛ ሁላችን።

"ትርዒቱ ተከፍቷል!" አለች። "ማየት የፈለገ ይይ። መፋቅ የፈለገ ግን መጀመሪያ እኔን ይፋቅ!"

"እኛንም!" አልን።

ቀቢዎቹ ተያዩ፤ መፋቂያቸውን ጭነው ተመለሱ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ፤ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ሰው ይመጣል።

ግን ዕድል ምን ዓይነት ጨካኝ ናት! አሥራ ሁለት መሸጫ መልሳ፣ "ይቅር በለኝ" ማለቻ አንዲት ደቂቃ ትነፍጋለች? ሚሬያ ዝናብ በጀመረ ቁጥር መሸጫዎቹ አጠገብ ቆማ ትበሰብሳለች። ጃንጥላ ብንሰጣት አትይዝም።